ማር ውስጥ የሚገባው ቅጠል ደረቅ ይሁን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ማርን በጦስኝ፣ በናና ወይም በጥብስ ቅጠል ስለመዘፍዘፍ ሲነገር «እርጥብ ቅጠል ይጨመር» የሚል ምክር ደጋግመን እንሰማለን። ይህ ምክር መታረም አለበት።

ቀፎ ውስጥ በደንብ የደረሰ ማር ውስጥ ያለው ውኃ 18 በመቶ ገደማ ነው። እርጥብ ቅጠል ውኃውን ለማሩ ይለቃል፤ መጠኑ ከ20 በመቶ ሲያልፍ በማሩ ውስጥ ያለው እርሾ ይነቃል። ያኔ ላዩ አረፋ ይይዛል፣ ክዳኑ ሲከፈት አየር ይተነፍሳል፣ ጣዕሙም ይኮመጥጣል። ስለዚህ ቅጠሉ በጣት ሲያሹት ተሰባብሮ እስኪበተን ድረስ በጥላ ይድረቅ። ብልቃጡ፣ ክዳኑና ማንኪያውም ጠብታ ውኃ አይኑርባቸው።

ለ1 ኩባያ ማር ከ1 እስከ 2 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ቅጠል ይበቃል። አይደቀቅ፤ ዱቄት ከሆነ ማጥለሉ አበሳ ነው። ቅጠሉ ስለሚንሳፈፍ ብልቃጡን በየቀኑ መገልበጥ ያስፈልጋል። ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይቆይ፤ ከ5ኛው ቀን ጀምሮ ግን መቅመስ ይሻላል፣ በተለይ የጥብስ ቅጠል ከቆየ ጣዕሙ ይከብዳል። ማሩ ወፍሮ አልጠልል ካለ ብልቃጡን 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ማቆም ነው። እሳት ላይ መጣድ የማሩንም የቅጠሉንም መዓዛ ያጠፋል።

ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ግን ማር፣ ቅጠል ኖረውም አልኖረው፣ ፈጽሞ አይሰጥ። ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል፤ በቤት ውስጥ ማሞቅም አያጠፋውም።

ከአክብሮት ጋር