ደብዳቤ ለልጄ፦ ባለቤቱ ባለበት ተናገር

ጅማ፣ ሂርማታ

አሰላሙ አለይኩም ልጄ፣ እንዴት ከረምክ?

ትናንት የአክስትህ ልጅ ደውላ ነበር። ዶርም ውስጥ ስለ ጸበል ሲወራ አንተ «ማታለያ ነው» ብለህ ቤቱ በሳቅ ሞላ አለችኝ። ከሳቁት መሃል አንድም ክርስቲያን እንዳልነበረ ስሰማ ግን ከፋኝ።

ሃይማኖት ይተቻል ወይ ካልከኝ፣ አዎ፣ ይተቻል። የኛም ጭምር። ህገ መንግስቱ በአንቀጽ 27 የእምነትን፣ በአንቀጽ 29 ሃሳብን የመግለጽ ነጻነት ደንግጓል። ቁርአንም ሱረቱ ነህል 125 ላይ በመልካም መንገድ ተከራከር ይላል። አንተ ግን የተከራከርከው ከማን ጋር ነው? ባለቤቱ ባለበት ተናገር፣ ልጄ።

አጋሮ ያለው አጎትህ ለምን ከቤት እንደወጣ ታውቃለህ። አያትህ ወደ ሼኾቹ ቀብር ለዚያራ፣ ለጉብኝትና ለዱዓ፣ ሊሄዱ ሲነሱ «አባባ፣ ይሄ ነገር ከዲኑ የት አለ?» አላቸው። ፊት ለፊት፣ በአክብሮት ነው የጠየቀው። አያትህ «ከቤቴ ውጣ» አሉት። በዚያው ሌሊት ወጣ። የተመለሰው ለቀብራቸው ነው። አያትህ ዕድሜያቸውን በቂርአት፣ በዲን ትምህርት፣ ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ መልስ አይጠፋቸውም ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ጥግ ይዤ እሰማ ነበር። ዛሬም የሚቆጨኝ ያንን መልስ ሳልሰማ መቅረቴ ነው። በዚያች ሌሊት ዲናችን ምን ተጠቀመ? እኛ ግን ወንድም አጣን።

የካቲት 2003 ላይ አንተ ገና ህጻን ነበርክ። እዚሁ ጅማ ዞን፣ አሰንዳቦ ላይ ቁርአን ተቀደደ ተባለ፤ ከዚያ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያኖች ተቃጠሉ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። እምነቴ ተነካ ብሎ የሰው ቤት ለሚያቃጥል ምንም ምክንያት የለውም። ይህን ስልህ ግን አፍህን ያዝ ማለቴ አይደለም፤ ከጀርባ አትናገር ነው የምልህ። የምትለው እውነት ከሆነ ጸበል የሚጠመቀው ጓደኛህ ፊትም መነገር አለበት። ፊቱ ማለት ካፈርክ ደግሞ መጀመሪያውኑ ባትለው ይሻልህ ነበር።

ደግሞ እኮ ጎበዝ ልጅ ነህ። ጥያቄህን አትተው፤ ዝም ካልክ እንደ አያትህ ቤት ይሆንብናል።

የሊሙ ቡና ልኬልሃለሁ፣ ዓርብ መናኸሪያ ሄደህ ተቀበል። ቆልተህ አታስቀምጠው፣ ሽታው ይጠፋል። ያን ጸበል የሚጠመቀውን ጓደኛህን ጥራውና አብራችሁ ጠጡ። ያልከውን ለሱም ንገረው፣ የሚመልስልህንም ሳታቋርጥ ስማ። እናትህ ሹራብህን ልበስ ብላሃለች። ቅዳሜ ደውልና ምን እንዳለህ ንገረኝ።

አባትህ