«ተራ» ስለተባለው ተጫዋች

ክቡር አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ እንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ ከተማ የምኖር የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ጋዜጣችሁን እህቴ ከአዲስ አበባ በስልኳ ፎቶ እያነሳች ትልክልኛለች። ስለ ዓለም ዋንጫ አሰልጣኞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንዲት መስመር ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። ስዊድንን ለ1958ቱ ፍጻሜ ስላደረሰው ስለ ጆርጅ ሬይኖር ሲጽፉ፣ የተጫዋችነት ዘመኑን «ተራ» በሚል አንድ ቃል አልፈውታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰውየው የተሠራው በዚያ ዘመን ነው ብዬ አምናለሁ።

ሬይኖር በ1907 የተወለደው ሆይላንድ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በዮርክሸር ግዛት፣ ባርንስሊ አጠገብ ያለች የድንጋይ ከሰል አገር ናት። አባቱም ከሰል ቆፋሪ ነበር። ከእኔ ቤት ሩቅ አይደለም፤ በእረፍት ቀኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የከሰሉ ጉድጓዶች ከተዘጉ ቆይተዋል። ዳገቱና ብርዱ ግን አሁንም አለ። ኳስ የጀመረው እዚያው ጎረቤት፣ ኤልሴካር ውስጥ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ተማሪዎች ቡድን ነው። እኔም ኳስ የለመድኩት ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ስለሆነ ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ።

በ1930 ሼፊልድ ዩናይትድ ወሰደው። አንደኛ ዲቪዚዮን! የክንፍ ተጫዋች ነበር። ሁለት ዓመት ቆየ። በሊጉ የተሰለፈው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደጋፊዎችን ወደዚሁ ክለብ ሜዳ፣ ወደ ብራሞል ሌን ሳደርስ ያቺ አንዲት ጨዋታ ትዝ ትለኛለች። ያኔ ተቀያሪ የሚባል ነገር አልነበረም። ከአሥራ አንዱ ውስጥ ካልገባህ ቀንህን የምታሳልፈው ከመጠባበቂያው ቡድን ጋር ነው።

ከዚያ መዞር መጣ። በ1932 ማንስፊልድ፣ በ1933 ሮዘርሃም። ሁለቱም ሶስተኛ ዲቪዚዮን፣ የሰሜኑ ምድብ። በ1935 በሪ፣ ሁለተኛ ዲቪዚዮን። በ1938 ወደ ደቡብ ወረደና የወታደሮች ከተማ በሆነችው አልደርሾት ፈረመ። በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ፣ ገና ሶስት ጨዋታ እንደተደረገ ጦርነቱ ተነሳና ሊጉ ቆመ። የተጫዋቾቹም ውል አብሮ ቆመ። ሬይኖር 32 ዓመቱ ነበር። ለብሔራዊ ቡድን አንድም ቀን ሳይሰለፍ የኳስ ዘመኑ በዚህ አበቃ ማለት ይቻላል።

የዛሬ አንባቢ አምስት ክለብ ሲባል የፊርማ ገንዘብ ይመስለዋል። ያኔ እንዲህ አልነበረም። ከ1922 ጀምሮ የደመወዝ ጣሪያው በጨዋታ ወራት በሳምንት 8 ፓውንድ፣ በእረፍት ወራት 6 ፓውንድ ነበር። ይህም ለታዋቂዎቹ ነው። ሶስተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ከዚያ በታች ነው የሚያገኘው። ውሉ የአንድ ዓመት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ክለቡ ስም ዝርዝር ያወጣል፦ እነ እገሌ ይቆያሉ፣ እነ እገሌ ይሂዱ። ይቆያል የተባለው በቀረበለት ደመወዝ ካልተስማማ፣ ክለቡ ካልለቀቀው በቀር ሌላ የሊግ ክለብ ሊያስፈርመው አይችልም። ይሂድ የተባለው ደግሞ ሻንጣውን ይዞ ደጅ ሊጠና ይወጣል። ሚስት ይኑርህ፣ ልጅ ይኑርህ፣ የሚጠይቅህ የለም።

ሬይኖር በዚህ ዓለም ነው የኖረው። በየክለቡ አዲስ አሰልጣኝ፣ አዲስ ጓደኛ፣ አዲስ ጭቃ። በዚያ ዘመን በብዙ የእንግሊዝ ክለቦች ልምምድ ማለት ሜዳውን መዞር ነበር። ተጫዋቹ በሳምንቱ ውስጥ ኳስ ካላገኘ ቅዳሜ ይርበዋል ይሉ ነበር። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ይህን ዓመት ከዓመት በጀርባው የተሸከመ ሰው ነው ምን መቀየር እንዳለበት የሚያውቀው። ኮከቡማ ኳሷ እንደሆነ ትመጣለታለች። እንደ ሬይኖር ያለው ግን ቦታውን ላለማጣት ሌሎቹን አተኩሮ ማየት አለበት።

በጦርነቱ ጊዜ የስፖርት አስተማሪ ሆኖ ባግዳድ ተመደበ። እዚያ የኢራቅ ተጫዋቾችን ሰብስቦ ቡድን ሠራ። ወሬው ለእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጸሐፊ ለስታንሊ ራውስ ደረሰ። ሬይኖር ከጦርነቱ ሲመለስ ያገኘው ሥራ የአልደርሾትን መጠባበቂያ ቡድን ማሰልጠን ነበር። በ1946 ስዊድኖች አሰልጣኝ ሲፈልጉ ራውስ እሱን ጠቆማቸው። (በዚያው ዓመት ነው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ወደ እኛ አገር የመጣው፤ አበበ ቢቂላን ያሰለጠነው ማለቴ ነው።)

የቀረውን ጽሑፋችሁ በደንብ ነግሮናል። በ1948 እዚሁ ለንደን፣ ዌምብሌይ ላይ፣ ዩጎዝላቪያን 3 ለ 1 አሸንፎ የኦሎምፒክ ወርቅ። ግሬን፣ ኖርዳልና ሊድሆልም የነበሩበት ቡድን ነው። ሶስቱንም ሚላን ወሰደበት። እሱ ሌላ ቡድን ሠርቶ በ1950 የዓለም ዋንጫ ሶስተኛ ወጣ። አንድ የዘለላችሁት ነገር ግን አለ። ኅዳር 1953 ቡዳፔስት ላይ፣ ያንን አስፈሪ የሀንጋሪ ቡድን 2 ለ 2 አቆመው። ከአሥር ቀን በኋላ እነዚያው ሀንጋሪዎች ዌምብሌይ ላይ እንግሊዝን 6 ለ 3 ደቆሱ። መድኃኒቱን የሚያውቀው የዮርክሸር ሰው በሰው አገር ነበር።

በ1958 ፍጻሜ በፔሌዋ ብራዚል 5 ለ 2 ተሸነፈ። ወደ አገሩ ሲመለስ የጠራው ትልቅ ክለብ አልነበረም። ስኬግነስ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ከሊጉ ውጪ ያለ ቡድን ያዘ። ስዊድን ኒሻን ሸለመችው፤ እንግሊዝ ግን ሥራ እንኳ በወጉ አልሰጠችውም። ምክንያቱ ይኸው «ተራ» የምትለው ቃል ይመስለኛል። ትልቅ ተጫዋች ስላልነበረ ትልቅ ክለብ አይገባውም አሉት። ለዚህ ነው ቃሏ በእናንተ ጋዜጣ ስትደገም ያመመኝ።

እሁድ እሁድ እዚህ ያሉ የሐበሻ ልጆችን አሰለጥናለሁ። አሥራ ስምንት ናቸው። አንዱ ልጅ ገና ቋሚ ሆኖ አያውቅም። ነገር ግን ጨዋታ ሲያልቅ ማን የት መቆም እንደነበረበት ቁጭ ብሎ ይነግረኛል። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ባለፈው ወር ሆይላንድ ይዤው ሄጄ የሬይኖርን ታሪክ ነገርኩት። ጽሑፋችሁንም እኔው አነበብኩለት፤ አማርኛ ይሰማል እንጂ ማንበብ ገና ነው። «ተራ» የምትለዋ ላይ ስደርስ ዘለልኳት።

ስለዚህ እባካችሁ፣ በሚቀጥለው እትም ስለ እነዚያ አምስት ክለቦች ሁለት መስመር ጨምሩልኝ። እህቴ ትልክልኛለች።

አክባሪያችሁ፣
ከሼፊልድ