ስለ መርከብ ሳንቲሞቹ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታዬ ካላችሁበት ይድረሳችሁ።

ባለፈው ወር ከሽያጭ ዝርዝራችን ላይ 31 ሳንቲሞች አውጥቻለሁ። ሁሉም የመርከብ ምስል የተቀረጸባቸው ጥንታዊ ሳንቲሞች ናቸው። ዘጠኙ ቀብድ ተከፍሎባቸው ነበር። ቀብዱን ሳልደውል፣ ምክንያቱንም ሳልናገር፣ በፖስታ ቼክ አድርጌ መለስኩ። ብዙዎቻችሁ ተቆጥታችኋል። የደወለም፣ የጻፈም፣ ሱቅ ድረስ መጥቶ ፊት ለፊት የነገረኝም አለ። ሳልደውል ቼክ መላኬ ጥፋቴ ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሳንቲሞቹን ማውጣቴ ግን ጥፋት ነው ብዬ አላምንም። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

«የተሻለ የሚከፍል ፈረንጅ አግኝቶ ነው» ተብሏል። ይህ አባባል አንጀቴን ቆርጦታል። አንዷንም ለማንም አልሸጥኩም። 31ዱም ካዝና ውስጥ ናቸው። የገዛሁባቸው ገንዘብም አብሮ ታስሯል፤ ሻጩ መልሼ አልቀበልም ስላለኝ ጠበቃ ይዤ እየተከራከርኩ ነው። ቀብዳችሁን የመለስኩት ከሱቁ ኪራይ ላይ ቀንሼ ነው። ፈረንጅ ያገኘ ሰው ለኪራይ አይጨነቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳንቲሞቹን የገዛሁት አውሮፓ ካለ ነጋዴ በአንድ ሣጥን ነው። የቆየ የአንድ ሽማግሌ ስብስብ ነው ተባልኩ። ደስ አለኝ። ፎቶውን አይቼ ዝርዝር ላይ አወጣሁ፤ እናንተም ተሻማችሁ። ሣጥኑ ሲደርስ እንደ ልማዴ ማታ ሱቁን ዘግቼ መብራት አብርቼ አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። ዛሬ በሊባኖስና በሶርያ የሚገኙት የጥንት የፊንቄ ከተሞች፣ የሲዶንና የአርዋድ፣ የብር ሳንቲሞች ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ፊንቄዎች መርከባቸውን ሲቀርጹ መቅዘፊያዎቹን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ደርድረው፣ ከሥር የባሕሩን ሞገድ በዚግዛግ መስመር ያሳያሉ። በአጉሊ መነጽር ሳይ በመቅዘፊያዎቹ መሀል ቀይ አፈር አለ። በስንጥር ስነካው እንደ ዱቄት ረገፈ። በሲዶንና በአርዋዶቹ ሁሉ ላይ ያው ቀይ አፈር ነው።

ለሠላሳ ዓመት በሰው እጅ ሲገላበጥ የኖረ ሳንቲም እንዲህ ያለ አፈር አይዝም። ይሄ በቅርቡ ከመሬት የወጣ ነው።

ነጋዴውን ደረሰኝ ጠየቅኩት። ሽማግሌው አጎቱ ሆኑ። ደግሜ ስጠይቀው ከጨረታ የተገዛ ነው አለ። በሦስተኛው የላከልኝ ወረቀት ላይ ፊርማም ማኅተምም የለም። ከዚያ በኋላ በዚያው ሣጥን የመጣውን ሁሉ አንሥቼ ካዝና ከተትኩት። የሮማዊውን የጦር አለቃ የማርቆስ አንቶኒዮስን ዲናር፣ ማለትም የብር ሳንቲም፣ ሳይቀር። እሱ አፈር አልነበረበትም፤ ግን የአንድ ሰው ቃል ሦስቴ ሲቀያየር የቱን አምኜ የቱን ልተው?

«ወረቀት ምን ያደርጋል፣ ሳንቲሙ ኦሪጅናል እስከሆነ ድረስ» ያላችሁኝ አላችሁ። ሳንቲሞቹ ፎርጅድ አይደሉም፤ ሚዛናቸውም ጠርዛቸውም ልክ ነው። ግን የምንኖረው አሜሪካ ነው። እዚህ አገር የተወሰኑ ጥንታዊ ሳንቲሞች ያለ ማስረጃ እንዳይገቡ ተከልክሏል፦ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የቆጵሮስ በ2007፣ የግሪክና የጣሊያን በ2011፣ የቱርክ በ2021። ወረቀት የሌለው ሳንቲም ጉምሩክ ላይ ሊያዝ ይችላል። ዛሬ ባይያዝ እንኳ ልጃችሁ ነገ ልሽጠው ሲል ደህና አጫራች አይቀበለውም። ያን ጊዜ የሚረገመው ማን ነው? እኔ ነኝ።

ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። የኢዛና ወይም የካሌብ የወርቅ ሳንቲም አንድ ጨረታ ላይ በወጣ ቁጥር ስልኬ ሲጮህ ይውላል። «አየህልን? ቅርሳችንን እንዲህ ያደርጉታል?» ትሉኛላችሁ። እኔም እንደናንተ አንጀቴ ያራል። አገራችን በ1992 ዓ.ም. ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ከልክላለች። ከዚህ ሱቅ አንድም የአክሱም ሳንቲም ያለ ማስረጃ ሸጬ አላውቅም፤ ምስክሮቼ እናንተው ናችሁ። ታዲያ ለአክሱም የምንቆጣውን ያህል ለሲዶን የሚቆጣ ሰው የለም? ስለ እኛ አፈር እያለቀስኩ የእሱን አፈር በስንጥር ጠርጌ ልሸጥላችሁ? አልቻልኩም።

ሳንቲም ማየት ያስተማረኝ አባቴ ነው። ደሴ ገበያ ላይ ጠገራ ብር እየገዛ ለብር ሠሪዎች ይሸጥ ነበር። መጀመሪያ ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን ይሰማል። ከዚያ የማርያ ቴሬዛን ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ፈርጦቹን ይቆጥራል። የተጠራጠረውን በርካሽም ቢሆን አይገዛም ነበር። ስንት ጊዜ ባዶ እጁን እንደገባ እናቴ ታውቃለች።

እዚህ አገር መጥቼ ፓርኪንግ ስሠራ፣ አንድ እሑድ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ጠረጴዛ ላይ ጥፍር የምታህል የነሐስ ሳንቲም በ12 ዶላር ገዛሁ። በአንድ ወገን የራስ ቁር ያጠለቀች ሴት፣ በጀርባዋ የመርከብ አፍንጫ ላይ የቆመች ባለ ክንፍ የድል አምላክ። ቁስጥንጥንያ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ330 ስትመረቅ ጀምሮ ብዙ የተመታች ሳንቲም ናት፤ ውድ አይደለችም። ለእኔ ግን የዚህ ሱቅ ጥንስስ እሷ ናት። ዛሬም ከገንዘብ መሳቢያው ሥር አለች።

ሱቁን ስከፍት መርከብ ብቻ ልሽጥ አላልኩም ነበር። ወደዚህ ያመጣችሁኝ እናንተ ናችሁ። ትዝ የሚላችሁ ካላችሁ፣ በ348 አካባቢ መመታት የጀመረውን የሮማውን ንጉሥ የዳግማዊ ቆስጠንጢዮስን የነሐስ ሳንቲም ያሳየኋችሁ ቅዳሜ ነው። ንጉሡ መርከብ ላይ ቆሟል፤ በእጁ የክርስቶስ ስም ምልክት ያለበት ሰንደቅ ይዟል፤ ከኋላ ባለ ክንፏ የድል አምላክ መሪውን ትዘውራለች። ይህ ንጉሥ ስለ ፍሬምናጦስ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ የጻፈው ነው ስላችሁ ሱቁ ጸጥ አለ። ፍሬምናጦስ፣ የእኛ አባ ሰላማ፣ ከጢሮስ ተነሥቶ በመርከብ ነው የመጣው። አክሱም አዱሊስን የሚያህል ወደብ እያላት ሳንቲሟ ላይ መርከብ አልቀረጸችም፤ ንጉሡን በስንዴ ዘለላ ከበበችው፣ ኋላ ደግሞ መስቀል አደረገችበት። «እንግዲያው የእኛን መርከብ ከሌላው ሳንቲም ላይ እንፈልጋለን» ያሉኝን እናት አልረሳቸውም። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ መርከብ ሲገኝ ሌላውን ሁሉ ትቼ እገዛለሁ።

ልጆቻችሁንም አስታውሳለሁ። የጥንት ሮም ልጆች ሳንቲም ወደ ላይ ወርውረው «ራስ ወይስ መርከብ?» ይባባሉ ነበር፤ በአንድ በኩል ባለ ሁለት ፊቱ የሮማውያን አምላክ ያኑስ፣ በሌላው የመርከብ አፍንጫ ስላለ። ይህን ስነግራቸው አባቶቻቸው ከኋላ «ዘውድ ወይስ ጎፈር!» ብለው ሲጮኹ፣ ሰፈራችን የሄድኩ መሰለኝ።

ስለ ዋጋም ቅሬታ አለ። ልክ ናችሁ፣ ጨምሯል። ማስረጃ ያለው ሳንቲም የሚገኘው በአብዛኛው ከጨረታ ነው፤ አጫራቹ ብዙ ጊዜ ከዋጋው ላይ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ለራሱ ይጨምራል። ኢንሹራንስ አለ፣ ፖስታ አለ፣ ኪራይ አለ። ወረቀት የሌለውን ብሸጥ ኖሮ ዋጋው ባልተወደደ ነበር፤ ይህን አልደብቃችሁም። ዱቤውን ግን አላነሣሁም፣ አላነሣምም። በየወሩ 20 ዶላር እየከፈላችሁ ነው ይህን ሱቅ እዚህ ያደረሳችሁት። አንድ ሰው ሳይከፍል ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ከአሁን በኋላ እያንዳንዱ ሳንቲም ከየት እንደመጣ የሚናገረው ወረቀት ቅጂ አብሮት ይሰጣችኋል። ቀብድ የምቀበለው ወረቀቱን በእጄ ከያዝኩ በኋላ ብቻ ነው። ቀብድ ለመለስኩላችሁ ዘጠኝ ሰዎች፣ ቀጥሎ በሚመጡት ላይ ቅድሚያው የእናንተ ነው፤ በገዛሁበት እሰጣችኋለሁ፣ ትርፍ አልጨምርም። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አለ፤ መጥታችሁ ካዝናው ውስጥ ያሉትን 31ዱንም በዓይናችሁ እዩ። አጉሊ መነጽሩንም እሰጣችኋለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ለልጅዎ ምርቃት የአንቶኒዮስን ዲናር ይዘው ለነበሩት ጋሼ ነው። አራት ጊዜ ደወልኩ፣ አላነሡልኝም። ቅር ቢሰኙብኝ አይፈረድብዎትም፤ ቀኑ ቀርቦ ነበር። ከራሴ ስብስብ አንድ አውጥቻለሁ። ከአክቲየም ጦርነት በፊት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ32 እና በ31፣ ለወታደር ደመወዝ ከተመቱት ነው። መርከቡ በሰው እጅ ብዛት ተልጧል፣ መቅዘፊያዎቹ ግን በጣት ሲዳሰሱ አሁንም ይሰማሉ። ንስሩም በሁለቱ ሰንደቆች መሀል ደህና አድርጎ ይታያል። የድሮ የጨረታ ካርዱ አብሮት አለ። የሚከፍሉት ያን ጊዜ የተስማማንበትን ነው። በስምዎ ፖስታ ውስጥ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ፤ ሰኞ ጠዋት እንደገና እደውላለሁ፣ እባክዎ ያንሡልኝ።

አክባሪያችሁ፣
የሱቁ ባለቤት