ማርሻል የነበሩት ዳልተኖች እንዴት ዘራፊ ሆኑ?

ይድረስ ለልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አሜሪካኖቹ የዳልተን ወንድማማቾች ሕግ አስከባሪ ከነበሩ ባንክ ዘረፋ ውስጥ እንዴት ገቡ ላልሽኝ፣ እኔ ብሆን ጽሑፌን ከክፍያቸው እጀምራለሁ።

በአሜሪካ አርካንሳስ ግዛት፣ ፎርት ስሚዝ ከተማ፣ በዳኛ አይዛክ ፓርከር ችሎት ሥር የሚሠራ ምክትል ማርሻል፣ ማለትም ተፈላጊ እየያዘ ለፍርድ ቤት የሚያቀርብ ሕግ አስከባሪ፣ የወር ደመወዝ አልነበረውም። ተፈላጊውን ሊይዝ ሲሄድ በማይል 6 ሳንቲም፣ እስረኛውን ይዞ ሲመለስ በማይል 10 ሳንቲም፣ ለመያዙ ደግሞ 2 ዶላር ይታሰብለታል። ከዚያም ላይ አለቃው ድርሻውን ይቆርጣል። ሰውየው ካመለጠው የለፋበት መንገድ ሁሉ ከንቱ ነው። ከገደለውም ክፍያ የለም፤ ዘመድ ከጠፋ የቀብሩ ወጪ ሳይቀር በእሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ፊልም ላይ እንደምታዪው ተኩሶ መጣል ለኪሱ ኪሳራ ነበር። ሂሳቡም ዋሽንግተን ደርሶ ተመርምሮ እስኪመለስ ወራት ይፈጃል።

ፍራንክ ዳልተን በዚህ ሥራ ላይ እያለ እ.ኤ.አ. በ1887 ተገደለ። ወንድሞቹ ግራት እና ቦብ ባጁን አጥልቀው ቀጠሉ፤ ታናሽየው ኤሜት ያግዛቸው ነበር። በ1890 ገደማ የሠራንበት አልተከፈለንም ብለው ወጡ። ይህን ሰበባቸውን እንዳለ አትቀበይው፤ ቦብ መጠጥ ወደተከለከለበት የኢንዲያኖች ግዛት ውስኪ በማስገባት ተከስሶ ነበር። ቀጥሎ ፈረስ ስርቆት፣ ከዚያም ባቡር ዘረፋ መጣ።

መጨረሻቸው የሆነችው ኮፊቪል የምትባል የካንሳስ ከተማ ናት፤ ቀኑም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 1892፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ። ሁለት ባንክ በአንድ ጊዜ ሊዘርፉ አምስት ሆነው ገቡ፦ ሦስቱ ወንድማማቾች፣ ቢል ፓወር እና ዲክ ብሮድዌል። ልጅ ሆነው በአካባቢው ስለኖሩ ሰው እንዳያውቃቸው አርቲፊሻል ጢም ለጥፈዋል፤ ግን አንድ የከተማው ሰው ገና መንገድ ላይ ለያቸው። ፈረስ ሊያስሩበት ያሰቡት አግዳሚ ደግሞ ለመንገድ ሥራ ተነስቷል። ስለዚህ ፈረሶቹን ራቅ ካለ ጠባብ ቅያስ ውስጥ አሰሩ። ያቺ ርቀት ነች ኋላ የጨረሰቻቸው።

ቦብ እና ኤሜት ፈርስት ናሽናል ከሚባለው ባንክ ወደ 20,000 ዶላር ጆንያ ውስጥ ከተቱ። ከፓወርና ከብሮድዌል ጋር ኮንደን ባንክ የገባው ግራት ግን ገንዘብ ያዡን ቻርልስ ቦልን ካዝናውን ክፈት ሲለው፣ "የሰዓት ቁልፍ ስላለው ጥቂት ደቂቃ ይቀረዋል" ተባለ። ውሸት ነው፤ ሰዓቱ ቀደም ብሎ ደርሷል። እጀታውን ሳብ ቢያደርገው ይከፈትለት ነበር፤ ግራት ግን አምኖ ቆመ። ጆንያው ውስጥ የገባው ከብር ማዕድን የተሠራ ዶላርም ሌላ ጣጣ ነበር፤ አንዱ 26.7 ግራም ስለሚመዝን ሺሁ ብቻ 27 ኪሎ ይጠጋል። ጥለውት በወረቀቱ ገንዘብ ብቻ ወጡ።

እነሱ ሲጠብቁ ከተማው ይታጠቅ ነበር። መንገድ ላይ መሣሪያ የያዘ ሰው አልነበረም፤ የብረታ ብረት መደብሮቹ ከመደርደሪያ ጠመንጃና ጥይት እያወረዱ በነፃ አደሉ። ከእነሱ አንዱ የሆነው የአይሻም መደብር በር ፊት ለፊት የሚያየው ፈረሶቹ የታሰሩበትን ያንኑ ቅያስ ነው። ዘራፊዎቹ ወደ ፈረሶቻቸው ሲሮጡ በዚያ ተኩስ መሃል ማለፍ ነበረባቸው። ቦብ፣ ግራት እና ፓወር እዚያው ቀሩ፤ ብሮድዌል ቆስሎ በፈረስ ቢያመልጥም ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ሞቶ ተገኘ። ኤሜት ፈረሱ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ቦብን ሊያነሳ ሲመለስ ኬሪ ሲማን የተባለ ፀጉር አስተካካይ በባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ መታው። እሱ ግን ተረፈ፤ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በ1907 በምህረት ወጣ።

ጽሑፍሽ ላይ የዘራፊዎቹን ስም ብቻ እንዳትደረድሪ። ከከተማው ወገን አራት ሰዎች ሞተዋል፦ የከተማው ማርሻል ቻርልስ ኮኔሊ፣ የሱቅ ሠራተኛው ሉሽየስ ባልድዊን፣ ጫማ ሠሪዎቹ ጆርጅ ኪዩቢን እና ቻርልስ ብራውን።

አባትሽ