ስለ እንቁራሪቶቹ ዘገባ፦ ክላርኬ የደቡብ ምዕራብ ናት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ብርቅዬ እንቁራሪቶች ያወጣችሁትን ዘገባ እኔም ጎረቤቶቼም አንብበነዋል። አፍሪክሳለስ ክላርኬና አፍሪክሳለስ ኤንሴቲኮላ የተባሉትን ሁለት የእንቁራሪት ዝርያዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልሎ ሁለቱንም «ተጋላጭ» ማለቱ ግን ስህተት ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የዝርያዎችን የመጥፋት አደጋ በደረጃ በሚለይበት ቀይ መዝገቡ ተጋላጭ ብሎ ያሰፈረው ኤንሴቲኮላን ሲሆን፣ ክላርኬ ከዚያ በሚብሰው ደረጃ፣ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ነው የተመዘገበችው።

ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸውን አልክድም። ሁለቱንም በ1974 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቃቸው ማልኮልም ላርገን ነው፤ ሁለቱም ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኙም። ኤንሴቲኮላ ግን ከስምጥ ሸለቆው በምሥራቅም በምዕራብም ባሉ ደጋዎች ስትኖር፣ ክላርኬ ያላት የቦንጋን አካባቢ የመሳሰለው የደቡብ ምዕራብ እርጥብ ደን ብቻ ነው። በቀይ መዝገቡ አሠራር፣ ሌሎች መስፈርቶች ተሟልተው የስርጭት ክልሉ ከ20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰ ዝርያ ተጋላጭ ይባላል፤ ከ5,000 ካነሰ ለመጥፋት የተቃረበ ይሆናል። በምሥራቅ ያለ አንድ ደን ቢመነጠር ኤንሴቲኮላ በምዕራብ የሚተርፍ ወገን አላት፤ ክላርኬ ግን ማዶ የላትም። ታዲያ የባሌን ፎቶግራፍ አትማችሁ የባሌን ሰው ብቻ ስታናግሩ፣ ይበልጥ የተጨነቀችውን ማን ይናገርላት? ወደ ጅማ አንድ ስልክ መደወል ይህን ያህል ከብዶ ነው?

ይባስ ብሎ ዘገባው ጅማን የጠቀሰው ቡና አምራቹን ደን አጥፊ ለማለት ብቻ ነው። ይህ ቤተሰቤን ነክቷል። የእኛ ቡና የሚበቅለው በሳሳና በዋንዛ ጥላ ሥር ነው፤ ዛፉን ያቆየውም ቡናው ነው። ቡናው አላዋጣ ሲል በቦታው የሚገባው ጫትና ባሕር ዛፍ ነው፤ ያኔ ጥላውም እርጥበቱም አብረው ይሄዳሉ። ጥፋት የለብንም አልልም፤ ከቡናው ሥር ያለውን ቁጥቋጦ አብዝቶ መመንጠር የደኑን እርጥበት ይቀንሳል፣ ከቡና ማጠቢያዎች የሚለቀቀው ፍሳሽም ወንዞቻችንን እየበከለ ነው። መጻፍ የነበረበት ይህ ሆኖ ሳለ ዘጋቢያችሁ በጅምላ ወቅሶን አለፈ።

ስለ ደን ጥበቃ በየስብሰባው ስንመከር ኖረናል፤ የክላርኬን ስም ግን ከአንድም መድረክ አልሰማሁም። የሰማሁት ተመራማሪዎችን በሌሊት ባትሪ ይዤ ወደ ረግረጉ በመራሁበት ጊዜ ነው። ጎረቤቶቼም እንዲሁ መርተዋል። የመራናቸው ሰዎች ስማችንን አልጻፉም፤ እናንተ ደግሞ ስትጽፉ ጠላት አደረጋችሁን።

ስለዚህ የክላርኬን ደረጃ በሚቀጥለው እትማችሁ፣ ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ አርሙ። ዘጋቢያችሁንም በክረምት ወደ ጅማ ላኩልን፤ ደኑንም ማጠቢያዎቹንም እናሳየዋለን።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ