ጭላዳዎቹ ወደሚሄዱበት አትሂጂ

ጎንደር፣ ጥቅምት 11

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላ ነገር የለም። ባለፈው ቅዳሜ እየሳቅሽ የነገርሽንን እሷ አልሳቀችበትም፤ እኔም ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከዴንቨር ወጥታችሁ ተራራው ላይ የስልክሽ ባትሪ በብርዱ ሞቶ ሁለት ሰዓት ጫካ ለጫካ ስትዞሩ መቆየታችሁን ማለቴ ነው። «አባዬ፣ አንተ የሰሜን ተራራ ልጅ ስለሆንክ አትጠፋም ነበር» አልሽኝ። ጠፍቻለሁ እንጂ! ለማንም አውርቼው ስለማላውቅ በጽሑፍ ይቀለኛል።

ዕድሜዬ 15፣ ወሩ ሰኔ። የአያትሽ በቅሎ ጠፍታ ከደባርቅ ወዲያ ደጋው ላይ ስፈልጋት አረፈድኩ። ቤታችን በስተደቡብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ዙሪያው ሁሉ ጓሳና ጅብራ ነው፣ ከየትም ብታይው አንድ ዓይነት። ቀትር ላይ ደመናው ገለጥ ሲልልኝ ዱላዬን መሬት ላይ ተክዬ ጥላውን አየሁ። ትምህርት ቤት ያነበብነው መጽሐፍ በቀትር ፀሐይ በስተደቡብ ናት ይል ነበር። እንግዲያው ወደ ፀሐይዋ መሄድ ነው ብዬ ጥላዬን ከኋላዬ አድርጌ ቀጥ አልኩ። ጥላው ከስንዝር ቢበልጥ ትንሽ ነው። ያ ራሱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር።

መጽሐፉ ለሌላ አገር ሰው የተጻፈ ኖሯል። እኛ ዘንድ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በታኅሣሥ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ እኔ ደቡብ ብዬ የያዝኩት ሰሜንን ነበር፤ በሰሜን በኩል ምን እንዳለ ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ገደሉ።

ወደ 10 ሰዓት ገደማ ዝናብ መታኝ፣ ከዝናቡ በኋላ ጉም ወጣ። የገዛ እግሬን ማየት አቃተኝ። ትንሽ ቆይቶ ድምፃቸውን ሰማሁ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ናቸው። ቀን ቀን በቂጣቸው እየተንፏቀቁ ሣር ሲነጩ እንደምታያቸው አልነበሩም፤ ተነሥተው ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ፣ እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው። እኔ ወደምሄድበት ነው የሚሄዱት። መንገደኛ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። አንዱ ወንድ ጎፈሩ በጉሙ ረጥቦ ከጥቂት እርምጃ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ አየኝ፣ ዞር አለ፣ ከዚያ ወደ ታች ሰመጠ። ቀጥላ አንዲት ሴት። ከዚያ ሌላ። መሬት እንደሚውጣቸው አንድ በአንድ ጠፉ።

ያኔ ነው የገባኝ። ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው፤ ሲመሽ አውሬ ወደማይደርስበት ወርዶ ድንጋዩ ላይ ይተኛል፣ ሲነጋ ይወጣል። ዱላዬን ወደፊት ዘርግቼ መሬቱን ብፈልገው የለም።

ጀርባዬን ለእነሱ ሰጥቼ ተመለስኩ። ከመሸ ብዙ ቆይቶ የውሻ ጩኸት ተከትዬ ጥዶች ውስጥ ገባሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅጥሩን ይዤ በእጄ እየዳበስኩ ስዞር ቤተልሔሙን አገኘሁት። ቤተልሔም በስተምሥራቅ ስለሚሠራ ከዚያ ወዲያ ሌላ ምልክት አላስፈለገኝም። በቅሎዋ? ቀድማኝ ገብታ ገለባ ትበላለች። አያትሽ «በክረምት ቀትር ላይ ፀሐይን ማን መንገድ ይጠይቃል?» ብሎ ሳቀብኝ።

እና የኔ ምልክት እዚያ አይሠራልሽም፣ ያንቺም እዚህ አይሠራም። ዴንቨር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 40 ዲግሪ ግድም ላይ ስለሆነች የቀትር ጥላሽ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ነው፤ ያ መጽሐፍ ላንቺ የተጻፈ ነበር። በታኅሣሥ ጥላው የዱላውን እጥፍ ያህል ይረዝማል። ሰዓታችሁን በእናንተ በጋ አንድ ሰዓት ወደፊት ስለምትገፉት ግን ያኔ ቀትሩ በእኛ አቆጣጠር 7 ሰዓት ላይ መሆኑን እንዳትረሺ።

የላክሽልኝን ፎቶ በመነጽሬ ደጋግሜ አየሁት። በአንዱ ጎን ዛፉ ተራርቆ ቆሟል፣ መሬቱ ደርቋል፤ በማዶው ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ጨለማ ነው። ደረቁ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ወደ ደቡብ የዞረው ነው፤ ጨለማው ወደ ሰሜን፣ በረዶውም የሚቆየው እዚያ ነው። ከላይ፣ ዛፍ ሊያልቅ ሲል፣ ቅርንጫፋቸው በአንድ ወገን ብቻ የቀረ ዛፎች አሉ። ነፋሱ ብዙውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሚመጣ በዚያ በኩል ያለውን ይገድለዋል፤ የተረፈው ቅርንጫፍ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ከተማሽ ያመለክታል። አዲስ አበባ ስትማሪ እንጦጦ ሁልጊዜ በሰሜን እንደነበረ፣ እዚያ ተራራው በምዕራብ ነው።

ስትሄጂ በየመሐሉ ዞር ብለሽ ወደኋላ እዪ። የመምጫ መንገድ ለመመለሻው ሌላ መልክ አለው፤ ይህን ከብት የጠበቀ ሁሉ ያውቀዋል።

በሁለቱም አገር የሚሠራ አንድ ነገር ልስጥሽ። ዱላ ትከዪ፣ የጥላው ጫፍ ያረፈበት ላይ ጠጠር አድርጊ። 20 ደቂቃ ያህል ጠብቂና አዲሱ ጫፍ ላይ ሌላ ጠጠር። የመጀመሪያው ጠጠር በስተምዕራብ፣ ሁለተኛው በስተምሥራቅ ነው። ፀሐይዋ በየትኛው ወገን ትሁን አያሳስብሽም። በ15 ዓመቴ ይህን ባውቅ ኖሮ 20 ደቂቃ ቁጭ ብዬ እቤቴ እገባ ነበር።

ማታ ደግሞ የሰሜን ኮከብን ፈልጊያት፣ ጭልፋ የሚመስሉት ሰባቱ ከዋክብት ያሳዩሻል፤ ከጭልፋው እጀታ ማዶ ያሉት ሁለቱ ወደ እሷ ነው የሚጠቁሙት። እጅሽን ቀጥ አድርገሽ ዘርጊና ጨብጪ፤ አንዱ ጭብጥ 10 ዲግሪ ገደማ ነው። ከአድማስ ጀምረሽ ጭብጥ በጭብጥ ላይ እየደረብሽ እስከ ኮከቧ ቁጠሪ። እኔ ትናንት ጣሪያው ላይ ወጥቼ ለካሁ። እናትሽ ከታች ሆና «ትወድቃለህ ውረድ» እያለች አንድ ጭብጥና ሩብ ወጣልኝ። ያንቺ ስንት እንደሆነ ቅዳሜ ስትደውዪ ንገሪኝ።

አባትሽ