ሆቴል ያልደፈረው ባሕር

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እናትሽስ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስልኩ በእጃችን እያለ ይህን ያህል ዘመን መጠፋፋታችን ይደንቃል፤ ወቀሳውን ስንገናኝ እንካፈለዋለን። አሁን ብዕር ያነሳሁት ባሕር አይቼ ትዝ ስላልሽኝ ነው።

እዚህ ቶሮንቶ አብራኝ የምትሠራ የባርቤዶስ፣ የዚያች የካሪቢያን ደሴት አገር፣ ልጅ አለች። ለእረፍት አገሯ ስትገባ «ነይ፣ እናቴ ቤት ታርፊያለሽ» ብላኝ ተከተልኳት። በማስታወቂያ የምናየው ባርቤዶስ የምዕራቡ ጠረፍ ነው፤ ውኃው የረጋ፣ ሆቴል በሆቴል ላይ የተደረደረበት። የባሕር ዳርቻው ሁሉ የሕዝብ ነው ይባላል፤ በአጥሮቹ መካከል የተተወችውን ቀጭን መተላለፊያ ፈልጎ ማግኘት ግን የአገሬውን ሰው ሳይቀር ያደክማል። አንድ ቀን ዋልኩበትና በቃኝ።

በማግስቱ በአውቶቡስ ወደ ምሥራቅ ተሻገርን። ደሴቷ ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ ቢበዛ 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ የሸንኮራ አገዳውን እርሻ አልፈን አፋፉ ላይ ስንደርስ ባትሼባ ከታች ታየች። ትንሽ መንደር፣ ጥቂት የእንግዳ ማረፊያዎች፣ ከዚያ ወዲያ አትላንቲክ ብቻ። እስከ አፍሪካ ድረስ ማዕበሉን የሚገታ መሬት ስለሌለ ነፋሱ ውቅያኖሱን እየነዳ አምጥቶ እዚያ ይከሰክሰዋል። ዳር ላይ ቤት የሚያካክሉ የኮራል ድንጋዮች ቆመዋል፤ ውኃው ከሥር በልቷቸው እግራቸው ቀጥኖ አናታቸው ሰፍቷል።

እንደ ምዕራቡ ሆቴል በሆቴል ላይ ለምን እንዳልተደረደረ ብጠይቅ የጓደኛዬ እናት ሳቁ። ባሕሩ ዋናተኛ ይጎትታል፤ መሬቱም ሸክላ ነውና ዝናብ ሲጠግብ ይንሸራተታል። ከዋና ከተማዋ ከብሪጅታውን እስከዚህ የሚመጣ ባቡር ነበር፤ ሐዲዱን ባሕሩ እየሸረሸረ ሲያስቸግር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1937 ተዘጋ። አዋጅ ሳያስፈልገው ክፉ ጠባዩ ጠበቀው። ይህን ጠባዩን ወደድኩለት።

ሱፕ ቦውል የሚሉት ቦታ ላይ ወጣቶች በሰሌዳ ማዕበል ይጋልባሉ። የ11 ጊዜው የማዕበል ግልቢያ የዓለም ሻምፒዮን ኬሊ ስሌተር ከሚያደንቃቸው ማዕበሎች አንዱ ነው፤ ለመንደሩ ልጆች ግን ከትምህርት ቤት መልስ መጫወቻቸው ነው። አንዱን ልጅ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። ሰሌዳውን በሰም አሽቶ፣ ገመዱን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አስሮ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ገባ ስል አይገባም። ለካ ትላልቆቹ ማዕበሎች ተከታትለው ካለፉ በኋላ ባሕሩ ለአፍታ ረገብ የሚልባትን ጊዜ እየጠበቀ ኖሯል፤ ስትመጣ ዘሎ ገባ። ሲወጣ ያነክሳል፤ የባሕር ጃርት ወግቶታል። አንዲት ባልቴት ሎሚ ቆርጠው እግሩን ሲያሹለት፣ እሱ ጥርሱን ነክሶ ወደ ማዕበሉ ያያል።

እኔማ የደጋ ሰው፣ ዋና የት አውቄ! በድንጋዮቹ መካከል ውኃ በሚያቁርባቸው ጉድጓዶች ከባልቴቶቹ ጋር ተዘፍዝፌ ዋልኩ። ጣና ዳር ያደግሽው አንቺ ብትኖሪ ግን ማን ይይዝሽ ነበር? ከዛፍ ቅርፊት የሚፈላ ማውቢ የሚባል መጠጥ ሰጡኝ፤ እንደ ጌሾ ይመራል፣ ከተጠበሰ በራሪ ዓሣ ጋር ግን እሰይ ነው። ሁሉ ነገር ያማረ እንዳይመስልሽ፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ሳርጋሰም የሚባል የባሕር አረም በየጊዜው ይወርራቸዋል፤ ሲበሰብስ ሽታው አያስቆምም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከአባትሽ ቤት በታች ያለችው፣ ልብሳችንን ጥለን የምንገባባት የጣና ዳርቻ አሁንም ክፍት ናት? ሎጅ ሊሠራባት ነው ሲባል ሰምቼ ነበር። እውነት ከሆነ ማን እንዳጠረው፣ ልጆቹ አሁን የት እንደሚዋኙ ጻፊልኝ። ሐሰት ከሆነም ጻፊልኝ።

ናፋቂሽ